እናቴ አባቴን የምትመታበት ሰዓት

እናቴ አባቴን ትመታው ነበር። በስምንት ዓመቴ ይህን እንደ ገዛ ስሜ አውቀው ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ሰዓቱም የታወቀ ነበር። አባቴ ገና ፀሐይ ጣሪያ ላይ ሳለች ከሥራ ይገባል። በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን ይደገፋል፤ እናቴ ተንበርክካ ቦት ጫማውን ትጎትትለታለች። ከዚያ ሳይነጋገሩ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ራዲዮኑ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ዜና ይሁን ዘፈን፣ ኳስ ይሁን ማስታወቂያ፣ ለእናቴ ግድ አልነበራትም፤ ብቻ ይጩህ። ከጩኸቱ ሥር ግን ሌላ ድምፅ አለ። ዷ። ዷ። ዷ። ቡጢ ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ። ከዚያ አባቴ፦

«ወይኔ! በቃሽ… በቃሽ፣ ገደልሽኝ እኮ!»

«ዝም በል! ጎረቤት ይሰማል።»

«እዚያ ጋ ተይው፣ እዚያ ጋ—»

«ጥርስህን ንከስ አልኩህ!»

ዷ።

እኔ ከበሩ ወዲህ ጉልበቴን አቅፌ ቁጭ እላለሁ። አንድ ቀን በቁልፉ ቀዳዳ ልይ ብዬ ዓይኔን ባስጠጋ ከወዲያ በኩል ጨርቅ ተወትፎበታል። ጥፋት ካልሆነ ለምን ይወተፋል? ሲወጣ አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ የሚያቃጥል ቅባት እየሸተተ ይወጣል። ቅባት ደግሞ ለተመታ ሰው እንደሚቀባ የማያውቅ ልጅ የለም። ሸሚዙን ሲቀይር ጀርባውን ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። ከትከሻው እስከ ወገቡ ቀልቷል፤ ቦታ ቦታው ላይ ሰማያዊ ሆኗል።

የምንኖረው በፖሊሶች ሰፈር ነበር። በተርታ የተሠሩ ባለ ሁለት ክፍል ቤቶች ናቸው፤ ግድግዳቸው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋችን ሳንነሳ «ይማርህ» እንል ነበር። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ራዲዮ ያስጮሃል። የፖሊስ ቤተሰብ ራዲዮ ይወዳል ብዬ አስብ ነበር።

አባቴ ትራፊክ ፖሊስ ነው። የሚሠራው ትምህርት ቤታችን በር ላይ፣ አራት መንገድ የሚገናኝበት አደባባይ ነበር። መብራቱ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አይሠራም። ስለዚህ አባቴ መሃል ላይ በተሠራች ክብ የሲሚንቶ መቆሚያ ላይ ወጥቶ በእጁ ያዛል። ነጭ የእጅ ሽፋን ከክርኑ በላይ ይለብሳል፣ ነጭ ጓንት ያደርጋል፣ ፊሽካውን በጥርሱ ይይዛል። ረጅምና ትከሻው ሰፊ ስለነበር ሾፌሮቹ «ግንቡ» ይሉታል። ቀኝ እጁን ሲዘረጋ አውቶቡስ ይቆማል፤ ግራውን ሲያወዛውዝ የጭነት መኪና ይንቀሳቀሳል። ያ ሁሉ ብረት በአንድ ሰው ክንድ ሲታዘዝ ማየት ለእኔ ተአምር ነበር። ታዲያ ይህ ሰው ቤቱ ገብቶ ትከሻው ድረስ በማትደርስ ሴት ይመታል! ነገሩን መሸከም አቅቶኝ ነበር።

አሁን የሴቶች ፀጉር ሠሪ ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት ክንዴን ከፍ አድርጌ ቆሜያለሁ፤ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ጥላ ሥር፣ የፈለግሁ እንደሆነ ቁጭ እያልኩ። አባቴ አሥር ሰዓት ይቆም ነበር፤ አስፋልት ላይ፣ በቦት ጫማ፣ ክንዱን ዘርግቶ። ይህን ማስላት የጀመርኩት ማበጠሪያ ከእጄ መውደቅ ሲጀምር ነው።

ያን ዓመት፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ተማሪው ተለቆ በር ላይ ተኮልኩሏል። አባቴ እንደ ወትሮው ሊያሻግረን ፊሽካውን ነፋ፤ እኛም ገባን። አሸዋ የጫነ አንድ መኪና ግን አልቆመም። ፍሬኑ ሲንጫጫ፣ ጎማው ሲጨስ፣ ከፊቴ የነበረችው ልጅ ቦርሳ ከትከሻዋ ተነጥቆ ሲበር ይታየኛል። ልጅቷን ለጥቂት ሳታት። ቦርሳዋን ጎማው ጨፈለቀው፤ ደብተሩ እንደ ላባ ተበተነ።

አባቴ ከመቆሚያው ወርዶ የመኪናውን አፍንጫ በግራ ቡጢው ደበደበው። «ውረድ! ውረድ አንተ ነፍሰ በላ!»

ሾፌሩ ወረደ። አጭርና ደንዳና ነው። «እጅህን መቼ አነሳህ?» ብሎ ጮኸ። «እጅህን አላነሳህም! እለፍ ነው ያልከኝ!»

«ልጆቹን አታይም?»

«አንተ ነህ ልታስገድለኝ የነበረው!» አለና በጥፊ አጮለው። ባርኔጣው ተሽከርክሮ ወደቀ። አባቴ ምንም አላደረገም። ሾፌሩ ደገመው። ከዚያ ኮሌታውን ይዞ ወደ ራሱ ጎተተና በቴስታ ፊቱን ገመሰው፤ የአፍንጫው ደም በነጩ የእጅ ሽፋን ላይ ተረጨ። ሕዝቡ «በለው እንጂ! ምን ቆመህ ታያለህ፣ በለው!» እያለ ይጮሃል። አባቴ ሁለት እጆቹን እንደ ተሰቀለ ኮት እጅጌ አንጠልጥሎ ቆሟል። ፊቱን እንኳ አልከለለም። ሾፌሩ ሆዱን በጉልበቱ ሲለው ነው ጎንበስ ያለው። በመጨረሻ አንድ ጎማ ጠጋኝና ሁለት ተሸካሚዎች ሾፌሩን ከኋላ አንቀው ያዙት።

«ወደ ጣቢያ እንውሰደው!» አለ ጎማ ጠጋኙ።

አባቴ ደሙን ዋጠ። «ተዉት» አለ። «ይሂድ።»

ፊሽካውን ከነደሙ ወደ አፉ መለሰ፤ እኛንም አሻገረን። በአጠገቡ ሳልፍ አየኝ። እኔ አላየሁትም።

ሾፌሩ እውነቱን ነበር። ይህን የነገረኝ በዚያን ጊዜ ከአባቴ ጋር ተረኛ የነበረ ባልደረባው ነው፤ እኔ ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ። የአባቴ ቀኝ ክንድ ከጠዋት ጀምሮ ከደረቱ በላይ አልወጣ ብሎት ነበር። «ቁም» ሊል የዘረጋው እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ እጅ ደግሞ «እለፍ» ማለት ነው። ፊቱን ያልከለለውም ቀኙ ስላልተነሳለት ነው፤ ግራውን ብቻ ቢያነሳ ደግሞ ነገሩ ይታወቅበት ነበር። ሾፌሩን ጣቢያ ቢወስደው የመጀመሪያው ጥያቄ «እጅህ የት ነበር?» ይሆናል። ስለዚህ «ይሂድ» አለ።

እኔ ግን ያየሁት ፈሪ ነበር። ቤት ውስጥ መመታት የለመደ ሰው አደባባይም ይመታል፤ እናቴ ናት እንዲህ ያደረገችው ብዬ ደመደምኩ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ስንመለስ ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ሁለት እጇን አንጠልጥላ «ግንቡ ፈረሰ» እያለች ክፍሉን አሳቀች። የእንጨት ማስመሪያዬን በስለቱ ቅንድቧ ላይ አሳረፍኩባት። ቆዳው ተከፈተ፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ እኔም መምታቴን አላቆምኩም። መምህሩ ጎትቶ አላቀቀኝና በዚያችው ማስመሪያ መዳፌን እስኪያብጥ ገረፈኝ። አላለቀስኩም። ቤታችን ውስጥ የሚመታ ሰው አለ፣ የማይመታ ሰው አለ፤ እኔ ከየትኛው እንደምሆን ያን ቀን መረጥኩ።

ማታ ላይ እናቴ መዳፌን ልታይ እጇን ዘረጋች። የእጅ አንጓዋን ነከስኩት። ጥርሴ አጥንት እስኪነካ ነው የነከስኩት። ጮኸች፤ ነገር ግን አልመታችኝም። የተነከሰውን እጇን በሌላው ይዛ አየችኝ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ራዲዮኑን ከፈተች። ያን ሁሉ ተመትቶ መጥቶ እንኳ አልማረችውም! ዷ። ዷ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከሰል ትሸጣለች። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች አባቴን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ጆንያ ሙሉ ከሰል በአንድ ትከሻዋ አንስታ መንገድ ታቋርጣለች፤ ሰፈሩ «ብረቷ» ይላታል። ስደርስ በመጥረቢያ እጀታ ከሰል ትከሰክሳለች፤ ከዓይኗና ከጥርሷ በቀር ሁለመናዋ ጥቁር ነበር።

«አባዬን የሚመታው ሰው አለ» አልኳት።

«ያ የአሸዋ ሾፌር ነዋ። ሰምቻለሁ። ታርጋውን ባገኝ—»

«እሱ አይደለም። በየቀኑ የሚመታው።»

እጀታው አየር ላይ ቆመ። «በየቀኑ? ማን?»

«እማዬ።»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ከልቧ ነው የሳቀችው። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቁ ከአፏ ወደቀ። «አንቺ፣ ዋሽተሽ ከሆነ ምላስሽን ነው የምቆርጠው። በዓይንሽ አይተሻል?»

አላየሁም። የሰማሁት ብቻ ነው፤ ጀርባውንም ያየሁት አንዴ ነው። ነገር ግን «ሰማሁ» ብቻ ብል እንደማልታመን ገባኝ።

«አይቻለሁ» አልኩ። «ጀርባውን ነው የምትመታው። በእግሯም ትረግጠዋለች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እጇን እንኳ አልታጠበችም። ፊት ፊት እየሮጥኩ አደረስኳት።

የደረስነው በሰዓቱ ነው። ራዲዮናችን ያጓራል፤ የጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። አክስቴ በሩን አላንኳኳችም፤ በትከሻዋ ገፋችው፣ መወርወሪያው ከነምስማሩ ወለቀ። እኔም በክንዷ ሥር አጮልቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። አባቴ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ምንጣፍ ላይ በደረቱ ተዘርግቷል፤ አፉ ውስጥ የተጠቀለለ ፎጣ ነክሷል። እናቴ አልጋውን ተደግፋ በባዶ እግሯ ጀርባው ላይ ቆማለች። ተረከዟ ወገቡ ውስጥ ገብቷል። ዋሽቼ የነገርኳት ነገር እውነት ሆኖ ቆሞ ነበር።

አክስቴ የእናቴን ፀጉር በአንድ እጇ ጠቅልላ ከወንድሟ ጀርባ ላይ አወረደቻት። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ልናገር። ፊቷን ከአልጋው ብረት ጋር ሁለት ጊዜ አላጋችው፤ በሁለተኛው ጥርስ ተሰብሮ ወደቀ። እናቴ እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿን ይዛ ወደ ኋላ ቀለበሰቻቸው። ወለሉ ላይ ስትወድቅ ጎኗን በእርግጫ ትል ጀመር። «እኔ አዝዬ ያሳደግኩትን! እኔ አዝዬ ያሳደግኩትን!» ትላለች በእያንዳንዱ እርግጫ፣ ከራዲዮኑ በላይ እየጮኸች። የእናቴ ፊት ደምና የከሰል ጥቁረት ሆነ።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ልናገር። እስከ ጥርሷ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባቴ ፎጣውን ተፍቶ ሊነሳ ሞከረ። በክርኑ ተደገፈ፤ ወገቡ ላይ የሆነ ነገር ተንቋቋ፤ ተመልሶ በፊቱ ተደፋ። እንደገና ሞከረ። እግሮቹን እየጎተተ በሆዱ ወደ እነሱ ተሳበ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ራዲዮኑ ግን ሌላ ድምፅ አያሰማም። ከበሩ ላይ ሆኜ የማየው ከንፈሩን ብቻ ነበር። የአክስቴን ቁርጭምጭሚት ሊይዝ የግራ እጁን ሰደደ፤ የራዲዮኑ ሽቦ እጁ ላይ ተጠመጠመ፤ ሲጎትተው ራዲዮኑ ከጠረጴዛ ወርዶ ተፈረከሰ።

ቤቱ ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ የአባቴ ድምፅ ብቻውን ቀረ፤ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲጮህ ኖሯል።

«እያሸችኝ ነው! እትዬ፣ እያሸችኝ ነው እኮ! ወገቤን ነው! ክንዴ አይነሳም! ካላሸችኝ ጠዋት መቆም አልችልም! ተያት፣ እያሸችኝ ነው!»

የአክስቴ እግር አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ሰማሁ። በተርታው ያሉት ራዲዮኖች አንድ በአንድ ዝቅ አሉ። የቀኝ ጎረቤታችን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያ ወዲያ። ሰፈሩ ሁሉ ጆሮ ሆነ። አባቴም ገባውና ግንባሩን ወለሉ ላይ ጣለው። ስድስት ዓመት የተደበቀው ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

መጀመሪያ የገባችው የቀኝ ጎረቤታችን ነበረች፤ የባልደረባው ሚስት። እንኳን ነገር አግኝታ ሳታገኝም ወሬ የምትፈትል ሴት ናት። ደሙን አየች፣ አባቴን አየች፣ ቅባቱን አሸተተች። እጇን አፏ ላይ ጭና «የኔውስ ጉልበቱ አይደል» አለች ቀስ ብላ። ተከትላት የመጣችውም «የእኔው አንገቱ ነው» አለች። ያን ሰዓት ያ ሁሉ ራዲዮ ለምን እንደሚጮህ የገባኝ ግን በጣም ቆይቶ ነው።

አባቴን አራት ፖሊሶች በበሩ ሳንቃ አጋድመው አወጡት። እናቴ ስለደማች ሊያስሩት ይወስዱታል ብዬ አንዱን እግሩ ላይ ተጠምጥሜ ጮህኩ። የወሰዱት ሐኪም ቤት ነበር። በአከርካሪው አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ ሾልኮ ነርቩን ተጭኖታል፤ የቀኝ ትከሻው መገጣጠሚያ ዝጎ እንደ ቆየ ማጠፊያ ደርቋል። አዛዡ አልጋው ሥር ቆሞ «ስንት ጊዜህ ነው?» አለው።

«ስድስት ዓመት ጌታዬ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«የተናገሩት ከሥራም ከሰፈሩም ሲወጡ አይቻለሁ ጌታዬ» አለ አባቴ።

ከሦስት ወር በኋላ ወደ ሥራ ሲመለስ ወንበር ሰጡት። በመስኮት አየሁት፤ ትልቅ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር። አባቴ አለቃ ሆነ ብዬ ክፍል ውስጥ አወራሁ፤ ቅንድቧን ለገመስኳት ልጅ ሳይቀር። ክፍሉ የጠፉ ታርጋዎች የሚመዘገቡበት፣ ሰው የማይገባበት ጓዳ ነበር። ለተጎዳ ወገብ ከመቆም የባሰው መቀመጥ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። አባቴም በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ በመስኮቱ አደባባዩን ያይ ነበር፤ እኔ ከውጭ ሆኜ ሥራውን የሚቆጣጠር ይመስለኝ ነበር።

አክስቴን ማንም አልከሰሳትም። እናቴ «ከመሰላል ወድቄ ነው» አለች፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ረግፈው፣ ሦስት ጣቶቿ በቀኝ እጇ ተሰብረው። የቀረው ችግር የአባቴ ጀርባ ነበር። ሐኪሙ ማሸቱ እንዳይቋረጥ ብሏል፤ እናቴ እጅ የላትም። አባቴ ከሐኪም ቤት በወጣ በማግስቱ አክስቴ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ፈትጋ መጣች። ማንንም ቀና ብላ አላየችም። አባቴ ተኛ። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና በሚፏጨው አፏ ታዛት ጀመር፦

«ዝቅ በይ። እሱ አይደለም፤ ከአጥንቱ ጎን። በክርንሽ። ጠንከር!»

«ያመዋል» አለች አክስቴ።

«እኔን ስትመቺ የነበረው ጉልበት የት ሄደ? ጠንከር አልኩሽ!»

አባቴ ፎጣውን ነክሶ ሳቀ ይሁን አለቀሰ አላወቅሁም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። አክስቴ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳትቀር መጣች። በሩ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም፤ ራዲዮም አልገዛንም። ዷ፣ ዷ፣ ዷ፣ በግላጭ።

«ማን ነው ግን የነገረሽ?» ይላት ነበር አባቴ አንዳንዴ።

«የሰፈር ሰው» ትላለች አክስቴ ቅባቱን እየቀባች።

አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ወሬኛዋን ጎረቤታችንን እንደጠረጠረ ሞተ፤ ሰላም አይላትም ነበር። አክስቴ ተከተለችው። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር እናቴ ፀጉሯን ልታሠራ እኔ ዘንድ መጣች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ራሷን ወደ ገንዳው ዘንበል አድርጋ ሳጥባት ከጆሮዋ በላይ፣ ፀጉር የማይበቅልበትን ያን ጠባሳ ጣቴ አገኘው። አክስቴ ፀጉሯን ስትነቅላት የቀረ ነው። ለሠላሳ ስድስት ዓመት አፌ ላይ የነበረው ነገር እዚያ ቦታ አመለጠኝ።

«እማዬ፣ ለአክስቴ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ዓይኗን አልገለጠችም። «አውቃለሁ።»

እጄ ውሃው ውስጥ ቆመ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«አናቴን ከብረቱ ስታላጋኝ ጆሮዬ ሥር 'ልጅሽ ናት ያየችሽ' እያለች ነበር። እንዴት አላውቅም?»

«ለአባዬ ነግረሽው ነበር?»

«ለሱ? አሁን ይህ ለሱ ይነገራል? አደባባይ ላይ ተዋርዶ፣ ወገቡ ተቆርጦ፣ 'ልጅህ ሚስትህ የምትደበድብህ ይመስላት ነበር' ልበለው? ለአክስትሽም ትንፍሽ ብትዪ አልኳት። እሷም ትንፍሽ አላለች።»

የሌላ ደንበኛ ፀጉር የምትተኩሰው ልጅ ማድረቂያውን አጥፍታ ታዳምጣለች። አልቅሼ ነበር መሰለኝ።

«ታዲያ ለምን አልመታሽኝም? አንድ ቀን እንኳ?»

«በየትኛው እጄ?»

«ከዳነልሽ በኋላስ?»

እናቴ ሰው ሠራሽ ጥርሷን በምላሷ አስተካከለች።

«ለመምታትማ አስቤ ነበር» አለች። «ፋሻው የተፈታልኝ ቀን፣ ቆጥሬ የቆየሁለት ቀን ነበር፤ ልጠራሽ አፌን ስከፍት አባትሽ ከመኝታው መነሳት አቅቶት ጠራኝ። ገብቼ አሸሁት። ስወጣ እጄ ዝሎ ነበር፤ አንቺም ተኝተሻል። በማግስቱም እንደዚያው። ንዴት ጊዜ ይፈልጋል፣ ልጄ፤ እኔ ጊዜ አልነበረኝም።»

ከዚያ አንገቷን ገንዳው ላይ አመቻቸች።

«ውሃው በረደ እኮ» አለች። «እጠቢኝ እንጂ።»